ሃምሳ አራት ዓይን፣ አንድ ሜትር መንገድ

ግራፉን ብቻ ላየ ሰው የሚያስደንቅ ነገር የለውም። ከግራ በኩል ከታች ይነሳል፣ ፈጥኖ ይወጣል፣ 0.7 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት አካባቢ ጫፉ ላይ ይደርሳል፣ ከዚያም ወደ ቀኝ እየሳሳ ይወርዳል። በቃ፣ አንድ ጉብታ ነው። የዩራኒየም ወይም የፕሉቶኒየም አስኳል ሲሰነጠቅ ከሚወረወሩት ኒውትሮኖች ስንቱ በምን ያህል ጉልበት እንደሚወጣ የሚያሳይ መስመር ነው። የፊዚክስ መጻሕፍት በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጨርሱታል፤ አማካዩ 2 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ነው ብለው ወደ ሪአክተሩ ይሻገራሉ። እኔ ግን እዚያው ቀረሁ። ከመስመሩ ይልቅ መስመሩን ያወጡት እጆች ናቸው የያዙኝ።

ችግሩ የሚጀምረው ከራሱ ከኒውትሮኑ ነው። ቻርጅ የለውም። ፕሮቶንም ኤሌክትሮንም በሄዱበት ሁሉ ዱካ ይተዋሉ፤ ማግኔት ያጣምማቸዋል፣ የኤሌክትሪክ መስክ ይገታቸዋል። ኒውትሮን ግን የእርሳስ ግድግዳ ቢያቆሙበት እንኳ ሰተት ብሎ ሊያልፍ ይችላል፤ መኖሩ የሚታወቀው አንድ ነገር ሲገጭ ብቻ ነው። ስለዚህ የኒውትሮን ጉልበት ለካሁ የሚል ሰው በእጁ የያዘው ምንጊዜም ሌላ ነገር ነው፦ ወይ ኒውትሮኑ የገጨውን፣ ወይ መንገድ ላይ የፈጀውን ጊዜ። የዚህ ሙያ ብልሃት ሁሉ ከዚህ ዙሪያ ጥምጥም የመጣ ነው።

የጅማሬውን ታሪክ ቶሎ ልለፈው፤ ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ቻድዊክ ኒውትሮንን በ1932 አገኘ። ሃንና ሽትራስማን በ1938 ማብቂያ በርሊን ላይ የዩራኒየምን መሰንጠቅ በኬሚስትሪ ደረሱበት፤ የሆነው ምን እንደሆነ ያስረዱት ማይትነርና ፍሪሽ ናቸው። በ1939 ፓሪስ ላይ ጆሊዮ፣ ሃልባንና ኮዋርስኪ በአንድ መሰንጠቅ 3.5 ያህል ኒውትሮን ይወጣል ብለው ጻፉ። ለዩራኒየም 235 ዛሬ የሚታወቀው ቁጥር 2.4 ገደማ ነው፤ በወቅቱ በነበራቸው መሣሪያ ግን የተቀራረበ ግምት ነበር። በዚያው ዓመት ኒው ዮርክ ላይ ዚንና ሲላርድ የሚወጡት ኒውትሮኖች ፈጣን መሆናቸውን አዩ። ከዚያ ጦርነቱ መጣና በሩ ተዘጋ። በ1943 ፌሊክስ ብሎክና ሃንስ ሽታውብ የለኩት የፊሽን፣ ማለትም የመሰንጠቅ፣ ኒውትሮን ስርጭት ምስጢራዊ ሪፖርት ሆኖ ተቀመጠ። ብሎክ ማለት ኋላ በኒውክሌር ማግኔቲክ ሬዞናንስ ከፐርሰል ጋር ኖቤል የተሸለመው ነው፤ ዛሬ ኤምአርአይ የሚነሳ በሽተኛ ሁሉ ሳያውቀው የእሱ ባለዕዳ ነው።

እውነተኛው የእጅ ሥራ ግን ለእኔ በግልጽ የሚታየው በ1952 በታተሙት ጽሑፎች ላይ ነው። ያኔ አንድ መሣሪያ ሙሉውን መስመር ማየት አይችልም ነበር። ስለዚህ ተካፈሉት። ቦነርና ባልደረቦቹ ደካማዎቹን ኒውትሮኖች በደመና ክፍል ያዙ። ኔሬሰን መካከለኞቹን በፎቶግራፍ ሳህን ላይ አደነ፤ ዋት ደግሞ ብርቱዎቹን ለካ። የፎቶግራፍ ሳህኑ አሠራር እንዲህ ነው። በሳህኑ ላይ በተቀባው ጀላቲን ውስጥ ሃይድሮጅን አለ። ኒውትሮኑ ከሃይድሮጅኑ አስኳል፣ ማለትም ከፕሮቶኑ ጋር ይጋጫል፤ የተገፋው ፕሮቶን በብር ቅንጣቶቹ መካከል ጥቁር ጭረት ትቶ ይቆማል። ሳህኑ ሲታጠብ ጭረቱ ይወጣል። የ2 ሜጋ ፕሮቶን ጭረት 40 ማይክሮ ሜትር ገደማ፣ ከፀጉር ውፍረት የማይበልጥ ነው። ይህን ጭረት በማይክሮስኮፕ ሥር አግኝቶ፣ ርዝመቱን ለክቶ፣ ወደየት እንዳዘነበለ መዝግቦ፣ ወደሚቀጥለው መሄድ ነው። እንደገና፣ እንደገና። ጭረቱ ወደ ሳህኑ ጥልቀት የገባ ከሆነ ደግሞ ጀላቲኑ ሲደርቅ ምን ያህል እንደተኮማተረ አስቦ ማረም ያስፈልጋል። ያን ሁሉ ጭረት የለካው ዓይን የማን እንደነበር በጽሑፎቹ ርዕስ ላይ አይገኝም።

ዋት እነዚህን ሁሉ ሰብስቦ በአንዲት መስመር ቀመር አሰራቸው፤ ቀመሩ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ቀመሩ ያማረው ቁጥሮቹ ላይ ስለገጠመ ብቻ አይደለም። ከጀርባው ሥዕል አለው። አስኳሉ ሲሰነጠቅ ሁለቱ ስንጣሪዎች በሰከንድ 10 ሺህ ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ፍጥነት በተቃራኒ አቅጣጫ ይፈተለካሉ፤ እንደጋሉም ናቸው። ኒውትሮኖቹ ከጋለው ስንጣሪ ላይ ይተናሉ። እየበረረ ካለ ነገር ላይ የተነነ ደግሞ የበራሪውን ፍጥነት በራሱ ላይ ይደርባል። ስለዚህ ወደ ፊት የተነነው ብርቱ፣ ወደ ኋላ የተነነው ደካማ ሆኖ ይደርሰናል። ጉብታው ወደ ቀኝ ያን ያህል የተለጠጠበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

አሁን ወደ ዘመናዊው አሠራር ልምጣ። ሐሳቡ ሲነገር ቀላል ነው፦ ኒውትሮኑ የወጣበትን ቅጽበት መዝግብ፣ የደረሰበትን ቅጽበት መዝግብ፣ ርቀቱን አስቀድመህ ለካ። ፍጥነቱ ከታወቀ ጉልበቱም ታወቀ። የበረራ ጊዜ ዘዴ ይባላል። ቁጥሮቹ ግን ቀላል አይደሉም። የ1 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ኒውትሮን በሰከንድ 13,800 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። እኔ የምኖረው ገርጂ መብራት ኃይል ነው፤ ከቦሌ የሚነሱት አውሮፕላኖች ድምፅ ከቤታችን አይጠፋም። ወደ ዋሽንግተን የሚሄደው መንገደኛ ቀኑን ወይ ሌሊቱን ሙሉ የሚቀመጥበትን መንገድ ይህ ኒውትሮን አንድ ሰከንድ ሳይሞላ ይጨርሰዋል። እንዲህ የሚሮጠውን ነገር እንግዲህ የሚለኩት በአንድ ሜትር መንገድ ላይ ነው።

በአንድ ሜትር ላይ የ1 ሜጋው 72 ናኖ ሰከንድ፣ የ2 ሜጋው 51 ናኖ ሰከንድ ይፈጃል፤ የ10 ሜጋው 23 ብቻ። ናኖ ሰከንድ የሰከንድ ቢሊዮንኛ ነው። ሰዓቱ በአንድ ናኖ ሰከንድ ቢሳሳት በ1 ሜጋው ላይ የሚመጣው የጉልበት ስህተት ከ3 በመቶ ያንሳል፤ በ10 ሜጋው ላይ ግን ወደ 9 በመቶ ይጠጋል። ታዲያ ለምን አያርቁትም? ቢያርቁት ሰዓቱ ይመቻቸዋል፤ ነገር ግን ርቀቱ አሥር እጥፍ ሲሆን ዲቴክተሩ ላይ የሚያርፈው ኒውትሮን ወደ መቶኛ ይወርዳል፤ መንገድ ላይ የሚበላሸውም ይበዛል። አንድ ሜትር የሚለው ቁጥር ከብዙ ክርክር በኋላ የተደረሰበት ስምምነት ነው።

ሎስ አላሞስ፣ ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ካይ-ኑ የተባለ ሙከራ አለ። ከዚህ ዓይነት ሥራ እኔ የማውቀው ምርጡ እሱ ነው። መሃል ላይ መሰንጠቁ የሚካሄድበት የፊሽን ክፍል ተቀምጧል፤ ዙሪያውን በአንድ ሜትር ርቀት 54 ዲቴክተሮች ከብበውታል። እያንዳንዱ 18 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋትና 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው፣ ሲገጩት ብርሃን የሚፈነጥቅ ፈሳሽ የተሞላ ነው። ደካማዎቹን ኒውትሮኖች ለመያዝ ደግሞ ይህ ስብስብ ይነሳና በ40 ሴንቲ ሜትር ላይ 22 የሊቲየም መስታወት ዲቴክተሮች ይተኩታል።

መሃሉን ጠጋ ብለን እንየው። በፕሉቶኒየሙ ሙከራ ላይ 100 ሚሊ ግራም ገደማ ፕሉቶኒየም 239 በስሱ ተቀብቶ ነው የሚገባው፤ የቅቡ ውፍረት ከአንድ ማይክሮ ሜትር በብዙ ያንሳል። ምክንያቱም ስንጣሪው ከቅቡ ወጥቶ ክፍሉን የሞላው ጋዝ ውስጥ ካልገባ መሰንጠቁ አይታወቅም፤ ቅቡ ከወፈረ ስንጣሪው እዚያው ውስጥ ታፍኖ ይቀራል። አንድ ቦታ ላይ ተቆልሎ ሌላ ቦታ ላይ ቢሳሳም መዘዝ አለው። ይህን ቅብ የሠሩትን ሰዎች ሥራ እኔ በጣም አከብራለሁ። ቁሳቁሱ ደግሞ አደብ የለውም፦ ፕሉቶኒየም በራሱ ጊዜ አልፋ ቅንጣት ይረጫል፤ 100 ሚሊ ግራሙ በየሰከንዱ ወደ 230 ሚሊዮን አልፋ ያወጣል። ከዚያ ሁሉ ጩኸት መካከል እውነተኛው መሰንጠቅ አልፎ አልፎ ብቅ ይላል፤ መሣሪያው እሱን መለየትና ቅጽበቱን በናኖ ሰከንድ ደረጃ መመዝገብ አለበት። የሚረዳው የስንጣሪው ክብደት ነው፤ ጋዙ ላይ የሚያሳርፈው ምት ከአልፋው እጅግ የበረታ ነው።

ከዚያ ዲቴክተሮቹ። ከመሰንጠቁ ኒውትሮን ብቻ አይወጣም፤ ጋማ ጨረርም ይጎርፋል፤ ፈሳሹም ለሁለቱም ብልጭ ይላል። ልዩነቱ ከብልጭታው ጅራት ላይ ነው። ጋማ የሚገፋው ኤሌክትሮንን ስለሆነ ብርሃኑ ቶሎ ይጠፋል፤ ኒውትሮን የሚገፋው ፕሮቶንን ስለሆነ የብርሃኑ ጅራት ይወፍራል። በዚህ ብልሃት ላይ በ1959 መሠረታዊ ጽሑፍ ያወጣው ፍራንክ ብሩክስ ነው፤ ኋላ ኬፕ ታውን ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዘመን አስተምሯል። ጋማ ግን ጠላት ብቻ አይደለም። በብርሃን ፍጥነት ስለሚሄድ አንዱን ሜትር በ3.3 ናኖ ሰከንድ ያልፋል፤ ሁልጊዜ በዚያው ሰዓት ስለሚደርስም 54ቱን ሰዓቶች የሚያስተካክሉት በእሱ ነው። የሚጥሉትን ነገር መልሰው መለኪያ ሲያደርጉት ማየት ደስ ይላል።

ሁሉንም የሚበልጥብኝ ግን ወለሉ ነው። ኒውትሮን ያገኘውን ሁሉ እየገጨ ይበተናል፤ ከሲሚንቶ ወለል ነጥሮ ተመልሶ ዲቴክተር ውስጥ የሚገባ አለ። እንዲህ ያለው ዞሮ የመጣ ኒውትሮን መንገዱ ስለረዘመ ዘግይቶ ይደርሳል፤ የዘገየ ደግሞ ለሰዓቱ ደካማ መስሎ ይታያል። ግራፉ በግራ በኩል በሐሰት ያብጣል። ስለዚህ ከሙከራው ሥር ወለሉን ከሁለት ሜትር በላይ ቆፍረው ባዶ አደረጉትና በስስ አሉሚኒየም ሸፈኑት። ወደ ታች የሄደው ኒውትሮን እዚያው ጠፍቶ ይቅር ነው ነገሩ፤ ጉድጓዱንም ራሳቸው የሚጠሩት በዚሁ መንፈስ ነው፣ የመጥፊያ ምድር ቤት ይሉታል። የዲቴክተሮቹን መቆሚያም የፊሽን ክፍሉንም ገላ በተቻለ መጠን አሳሱት። እኛ አገር ጥሩ ሥራ ሲባል የሚታየን የተጨመረው ነው፤ ብረቱ ወፍሮ፣ ሲሚንቶው በዝቶ። ገርጂ ላይ የሚቆሙትን ሕንፃዎች ስንገመግም እንኳ ስንት ኩንታል ሲሚንቶ ገባበት ብለን ነው። እዚህ ግን ባለሙያው የሚመሰገነው ባስወገደው ነገር ነው።

ያልተወገደው ደግሞ ይሰላል። ኤምሲኤንፒ በተባለው ፕሮግራም እያንዳንዱን ብሎን፣ እያንዳንዱን መቆሚያ ኮምፒውተር ውስጥ ገንብተው ኒውትሮኖችን በሐሳብ ይለቁበታል፤ ስንቱ በቀጥታ ደረሰ፣ ስንቱ ዞሮ መጣ የሚለውን ይቆጥራሉ። ሊቲየሙም የራሱ ጣጣ አለው። ሊቲየም 6 ደካማ ኒውትሮን ሲውጥ ሁልጊዜ 4.78 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ስለሚለቅ ደካሞቹን ለማየት ተመራጭ ነው። ነገር ግን 240 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት አካባቢ የመዋጥ ፍላጎቱ ድንገት ይንራል፤ እሱን በትክክል ያላሰበ ሰው ግራፉ ላይ የሌለ ጉብታ ወይም የሌለ ጉድጓድ ያገኛል። ከዚህ በፊት የነበሩ ልኬቶች በዚህ በዝቅተኛው ጫፍ እርስ በርስ የማይስማሙባቸው ጊዜያት ብዙ ነበሩ፤ ከተጠርጣሪዎቹ መካከል ቀዳሚው እነዚህ የተበተኑ ኒውትሮኖች ናቸው። ካይ-ኑዎች ያደረጉት መልካም ነገር ሁለቱ የዲቴክተር ዓይነቶች 1 ሜጋ አካባቢ አንዱ በሌላው ላይ እንዲደራረቡ ማድረግ ነው። ባሕርያቸው ፈጽሞ የተለያየ ሁለት መሣሪያዎች እዚያ ላይ አንድ ነገር ካልተናገሩ አንዱ ዋሽቷል ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ከራሳችን ሰፈር ጋር የሚያገናኝ ነገር የለም የሚል አይጠፋም። አለ። የመንገድ መሐንዲሶች ኒውክሌር ጌጅ የሚሉትን ቢጫ ሣጥን ያውቁታል፤ በተጠቀጠቀ አፈር ላይ ይቀመጥና ጥግግቱንና እርጥበቱን ይናገራል። እርጥበቱን የሚያውቀው በኒውትሮን ነው። ውስጡ አሜሪሲየምና ቤሪሊየም የተደባለቀበት ትንሽ ምንጭ አለ፤ ከእሱ የሚወጡት ኒውትሮኖች በአማካይ 4 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ጉልበት አላቸው። አፈሩ ውስጥ ውኃ ካለ የውኃው ሃይድሮጅን ያዘገያቸዋል፤ ሣጥኑ የዘገዩትን ይቆጥራል። ብልህ መሣሪያ ነው። ነገር ግን የሚጠይቀው ስንት ተመለሰ ብሎ ብቻ ነው። የካይ-ኑ ሰዎች ግን እያንዳንዱን ኒውትሮን በየተራ አቁመው ከየት መጣህ፣ ስንት ሰዓት ወጣህ ይሉታል። አገራችን ደግሞ በዚህ ዓለም ውስጥ እንግዳ አይደለችም። ዓለም አቀፉን የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ በተመሠረተበት በ1957 ነው የተቀላቀለችው፤ የጨረር መከላከያ ባለሥልጣንን ያቋቋመው አዋጅ ቁጥር 79 የወጣው በ1993 ነው።

አሁን ደግሞ ከዚያ የበለጠ እየተወራ ነው። በ2025 መስከረም፣ ኢትዮጵያ ሞስኮ ላይ ከሩሲያው የኒውክሌር ድርጅት ከሮሳቶም ጋር የኒውክሌር ማመንጫ የድርጊት መርሐ ግብር ተፈራረመች። መብራት ኃይል በሚባል ሰፈር እየኖረ መብራት ሲጠፋ ሻማ ለሚፈልግ ሰው ወሬው ጆሮ ይስባል። ዕቅዱ ዕቅድ ነው፤ ስለሱ የሚባለውን ሌሎች ይበሉት። እኔን የሚመለከተኝ ያ ጉብታ እዚህ ውስጥ የሚገባበት ቦታ ነው። በውኃ በሚሠራ ሪአክተር ውስጥ የ2 ሜጋ ኒውትሮን ሌላ ዩራኒየም በቀላሉ እንዲሰነጥቅ ወደ 0.025 ኤሌክትሮን ቮልት መውረድ አለበት፤ ለዚህም ከሃይድሮጅን ጋር በአማካይ 18 ጊዜ ያህል መጋጨት ይጠበቅበታል። ከየት ተነስቶ እንደሚወርድ ካላወቅህ የት ድረስ እንደሚሄድ አታውቅም። ከ1 ሜጋ በላይ ያሉት ደግሞ ዋናውን የብረት ጋን እየደበደቡ በዓመታት ውስጥ ተሰባሪ ያደርጉታል። የጋኑ ዕድሜ ሲሰላ ከሥሩ ይህ መስመር አለ።

የሚያሳዝነውን ሳልናገር ባልፍ ግን ሽንገላ ይሆንብኛል። ይህ ጥበብ የተወለደው ለቦምብ ነው፤ ሎስ አላሞስም ዛሬም የጦር መሣሪያ ቤተ ሙከራ ነው፤ ፕሉቶኒየምን እንዲህ አበጥረው የሚለኩት ለሪአክተር ብቻ ብለው አይደለም። ሥራው ማማሩን ይህ አያጠፋውም፤ ማማሩም ይህን አያጠፋውም።

ውጤቱ ግን እንደ ብሎክና ሽታውብ ሪፖርት ካዝና ውስጥ አልተቆለፈም። የፕሉቶኒየም 239 ልኬት በ2020፣ የዩራኒየም 235ቱ በ2022 ታተመ። በዓለም የተለኩት እንዲህ ያሉ ቁጥሮች የሚሰበሰቡበትን ኤክስፎር የተባለ ቋት ቪየና ያለው የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ለማንም በነጻ ይከፍታል፤ አራት ኪሎ ፊዚክስ ክፍል የተቀመጠ ተማሪ ኢንተርኔቱ ከረዳው ያወርደዋል። የሚያገኘው ቁጥር ብቻ ነው፤ በአንዱ ዓምድ ጉልበት፣ በሌላው ዋጋ፣ በሌላው የስህተት ወሰን። ዘርዘር ያለው ሰነድ ደግሞ የስህተቱ ወሰኖች እርስ በርስ እንዴት እንደተያያዙ ያሳያል፤ ዲቴክተሩን በሚመለከት አንድ ግምት ከተሳሳተ የትኞቹ ነጥቦች አብረው እንደሚንሸራተቱ ተጽፏል። አብዛኛው ሰው ይህን አይከፍተውም። እኔ ከሁሉ በፊት የማየው እሱን ነው፤ ሠራተኛው የማያውቀውን ምን ያህል እንደሚያውቅ የሚታየው እዚያ ነው።

መሃሉ ላይ ወሰኑ ጠባብ ነው፤ ሁለቱ ጫፎች ላይ ይሰፋል። መስፋቱም የሚጠበቅ ነው፤ ከ100 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት በታች ከመቶ ኒውትሮኖች አንድ ወይም ሁለት ቢገኙ ነው፤ ከ10 ሜጋ በላይ ደግሞ ከሺህ አንድ ገደማ። የካይ-ኑ የፕሉቶኒየም ሠንጠረዥ ከ10 ኪሎ ጀምሮ 10 ሜጋ ላይ ያበቃል። ከዚያ በላይ መስመሩ ይቀጥላል፣ ኒውትሮኖችም አሉ፤ ቀመር ስቦ መሙላት ይቻል ነበር። እነሱ ግን የለኩት እስከዚያ ድረስ ስለሆነ እስከዚያ ድረስ ጻፉ።